የተጠጣው ዘንጋዳ

እዚህ ጎንደር፣ ከቤቴ በታች መታጠፊያው ላይ ጠላ የምትጠምቅ ሴት አለች። እንኩሮ ስታምስ ሽታው በመስኮት ይገባና ሌላው ሰው ምራቁን ሲውጥ እኔ እናደዳለሁ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም አልበረደልኝም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከጠዳ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ እንኖር ነበር። መሬታችን ድንጋያማ ጭንጫ ነበር፤ ዝናቡም ዘግይቶ ይመጣና ከመስቀል ወዲያ ጥሎን ይሄድ ነበር። እናቴ ታዲያ ለዚያ መሬት የሚሆን ዘንጋዳ ነበራት፤ አጭር፣ ጠቆር ያለ፣ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ ስለሚመር ወፍ እንኳ የማይደፍረው። በየመኸሩ ማሳውን እየዞረች ቀድሞ የደረሰውንና ዛላው የሞላውን ለዘር መርጣ፣ ነቀዝ እንዳይገባው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ትሰቅለው ነበር። ያንን ለነካ ወዮለት።

አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ እናቴ ለወንድሟ ለቅሶ አምባ ጊዮርጊስ ሄዳ ሳለች፣ ታላቅ እህቴን ዘርፌን ለልጃቸው የፈለጉ ሰዎች ሽማግሌ እንደሚልኩ አስታወቁን። ጎተራው ጎድሎ ነበር። አባቴ ግን ሽማግሌ ደርቆ አይሸኝም ብሎ እህቱን ጠርቶ፣ የተሰቀለውን ዘንጋዳ በሙሉ አስወርዶ ጠላ አስጠመቃት። ሽማግሌዎቹ ጠጥተው፣ መርቀው፣ ሠርጉን ለጥር ቆርጠው ሄዱ።

እናቴ ተመልሳ ገና ከመግባቷ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«ዘሬስ?» አለችው።

«እንግዳ መጥቶ ነው። ምነው፣ ዘር ከምድር ጠፋ? ከሜዳ ነጩን ማሽላ አመጣለሁ። አማቶቻችን ጥቁር እንጀራ ሲጎርሱ ልይ እንዴ?»

«ነጩ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። የሜዳው ዋልካ አፈር ውኃ ይዞ ያቆየዋል፣ የእኛ ጭንጫ ምን ይዞ ያቆየዋል? ድንበርተኛችንን አያ ካሴን ዘንጋዳ ይለምኗቸው፤ አይነፍጉንም።»

«ከጎረቤት ዘር የምለምን ሰው አድርገሽኛል!» ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። ነጩን አምጥቶ ማሳውን በሙሉ ዘራው።

በክረምቱ ነጩ ማሽላ ከሰው ቁመት አለፈ። ወደ ገበያ የሚወርደው መንገደኛ ቆም እያለ «አያ ታከለ፣ ሸጋ ማሽላ!» ይለው ነበር፤ አባቴም ጋቢውን እያጣፋ ማሳው ዳር ሲንጎራደድ ይውል ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ ታርም ነበር።

መስቀል አለፈ፣ ዝናቡ ሄደ፣ የእኛ ማሽላ ገና ዛላ ማውጣቱ ነበር። አብዛኛው ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ፤ የቋጠረችውን ጥቂቷንም፣ እኔና ዘርፌ ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ ስናስጮህ እየዋልን፣ ወፍ ጨረሳት። ከድንበሩ ወዲያ፣ በዚያው ጭንጫ፣ በዚያው ዝናብ፣ የአያ ካሴ ዘንጋዳ ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፍቶ ነበር። አባቴ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ።

በታኅሣሥ ከማሳችን የተሰበሰበው ከብት የሚበላው አገዳ ብቻ ነበር። ለድግስ ቀርቶ ለራሳችንም የምንበላው አልነበረንም። አማቶቹ ጥቂት ጠብቀው ለልጃቸው ሌላ አጩለት፤ ዘርፌም ጎንደር ሰው ቤት ውኃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትፈልጥ ገባች። የሄደች ለት እናቴ አባቴን አየችውና «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጠላው ሸጋ ነበር አሉ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በአፏ አላነሳችውም።

ዛሬ ያንን ተዳፋት የሚያርሱት የአያ ካሴ የልጅ ልጆች ናቸው። ዘንጋዳ ዘርተው ዘንጋዳ ያጭዳሉ፤ ስሄድ ያበሉኛል፣ እኔም ዛላውን ሳይ ይቆጨኛል። አባቴ እስኪሞት ድረስ የዘርፌ ነገር በተነሳ ቁጥር «ያ ዓመት ዝናቡ ከዳን» ይል ነበር፤ ዘመድ ጎረቤቱም አብሮት ከንፈሩን ይመጥ ነበር። አባት ነውና እኔም ዝም እል ነበር። አሁን አርጅቻለሁ፤ የማፍረውም የምፈራውም ሰው የለም። ዝናቡ አልከዳንም። እንደ ወትሮው መጣ፣ እንደ ወትሮው ሄደ።