ለሰንበት የተዘጉት ቫልቮች

ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993፣ አንድ የሚያዝያ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦታው ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ያለ የጨርቅ ማቅለሚያና ማጠቢያ ፋብሪካ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ፊዚክስ ተምሬ ተመርቄያለሁ። ከመጣን ወዲህ ግን አንዱን ዓመት ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ስማር፣ ሌላውን ደግሞ ብርቱካን ሳሽግ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ ቴርሞሜትር ሲሰጡኝ መልሰው እንዳይወስዱብኝ ይመስል ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

የሰጠኝ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ያዕቆብ ነው። ከሩማንያ የመጣ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ንግግር የማያበዛ ኢንጂነር ነበር። ጣሪያው ላይ አውጥቶ በመስታወት የተከደኑ አሥራ ሁለት ሣጥኖች አሳየኝ። ውስጣቸው ጥቁር የተቀባ ቧንቧ አለ። ፓምፑ ከታንከሩ ውኃ ይገፋል፣ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ የሞቀው ተመልሶ ታንከሩ ይገባል። በዚህ አገር በየመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ ማለት ነው፤ የእኛው ትልቅ ነበር።

«ሥራሽ ማንበብና መጻፍ ነው» አለኝ። «መሆን አለበት ብለሽ የምታስቢውን አትጻፊ። ያየሽውን ጻፊ።»

በየሁለት ሰዓቱ ሦስት ቴርሞሜትሮች አነባለሁ። ጠዋትና ማታ ውኃ የሚያፈላው ቦይለር የሚያቃጥለውን ነዳጅ፣ የማዙቱን በርሜል፣ በመለኪያ ዘንግ እለካለሁ። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ካላየሁ አልጽፍም። የሥራ ውሌ የፀሐይ ማሞቂያው ሙከራ እስኪያልቅ ድረስ ነበር።

ለማውራት እድል የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ጣሪያው ላይ እኔና አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች ብቻ ነን። ምሳዬንም እዚያው የታንከሩ ጥላ ውስጥ እበላ ነበር፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ የሞሮኮዎቹም የሩሲያዎቹም ጠረጴዛ የታወቀ ነው፣ የእኔ የቱ እንደሆነ አልገባኝም። እናቴና ወንድሞቼ ሰሜን፣ ለአዲስ መጤዎች በተሠራ የካራቫን ሰፈር ውስጥ ናቸው። እኔ ለሥራው ብዬ ብቻዬን መጥቼ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከመንገድ ስልክ እደውላለሁ። በሌሎቹ ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ድምፄን የምሰማው ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ ሳነብ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ አማርኛ የማወራው ከአባ ተሰማ ጋር ብቻ ነበር። አባ ተሰማ የቦይለሩ ረዳት ናቸው። ጎንደር ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እሳትን ከነጠባዩ ያውቁታል። የማዙቱ ነበልባል ሲታመም ከድምፁ ይለዩታል። ጠዋት ስገባ ከቦይለሩ ጀርባ ብቅ ብለው «አንቺ የፀሐይ ጸሐፊ፣ ትናንትስ ስንት አገባች?» ይሉኛል። ቁጥሩን ስነግራቸው በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያዕቆብ የሣጥኖቹን አያያዝ እንዳስተምራቸው ስላዘዘኝ በሳምንት ሁለት ቀን ጣሪያ እንወጣለን።

በየወሩ መጀመሪያ ስብሰባ ነበር። ፋብሪካው ያረጀውን ቦይለር መቀየር አለበት፤ ጥያቄው በምን ነው። ከፋብሪካው አጠገብ ያሉት የመኖሪያ ብሎኮች ሴቶች ነጭ አንሶላ ሰቅለው የጭሳችን ጥላሸት የነካው ጨርቅ እያወረዱ ይከሱናል። ሥራ አስኪያጁ ዳቪድ አዲስ የማዙት ቦይለር ይፈልጋል። የግዢ ክፍሏ ሹላ ጋዝ ትላለች። ያዕቆብ ፀሐይ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ሠንጠረዤን እይዛለሁ።

«ጋዝ ንጹሕ ነው» አለች ሹላ በግንቦቱ ስብሰባ። «ቤት ውስጥ ይበሰልበታል፣ ድስት አይጠቁርም።»

«የማይጠቁረው ድስቱ ነው» አለ ያዕቆብ። «የሚቃጠል ነገር ሁሉ ጭስ አለው፣ የሚታይም ሆነ የማይታይ። የማይታየውም ከበላያችን ተከማችቶ ምድርን ያሞቃል።»

ዳቪድ ሳቀ። «ምድርን ለፕሮፌሰሮች ተዋት። እኔ የሚያስፈልገኝ የሞቀ ውኃ ነው። ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ጨርቁን በምን ልጠበው፣ በተስፋ?»

«ማዙቱን ጨርሰህ ጣለው አላልኩም። ፀሐይ ውኃውን ታለዝበው፣ ቦይለሩ የቀረውን ይጨርስ። ልጅቷን ጠይቃት፣ ቁጥሩ አላት።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፀሐይ ያተረፈችልንን የማዙት ቁጥር በዝቅተኛ ድምፅ አነበብኩ። ዳቪድ ከዚያ በፊት ባላየሁበት ጥሞና አዳመጠኝ። «ሦስት ወር እንዲህ ካሳየሽኝ ግማሹን ጣሪያ በሣጥን እሸፍነዋለሁ» አለ። ያን ቀን ወደ ቤቴ በአውቶቡስ ሳይሆን በእግሬ ሄድኩ። የምነግረው ሰው ባይኖርም ደስታዬ ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለግኩም።

ሐምሌ ገባ። አገራችን በዚህ ወር ከዝናብ ጋር ትታገላለች፤ እዚህ አንዲት የደመና ቁራጭ አትታይም። ቁጥሮቹ አማሩ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ፣ አንድ ረቡዕ፣ አባ ተሰማ ጣሪያው ላይ ቆመው ሣጥኖቹን ሲያዩ ቆዩና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የቦይለሩን እሳት ዓርብ ዓርብ እኔ አጠፋዋለሁ። የዚህንስ ማን ያጠፋዋል?»

ሳቄ አመለጠኝ። «አባ፣ ፀሐይ ትጠፋለች እንዴ?»

አልሳቁም። «ፀሐይስ የእግዜር ናት። ውኃው ግን የእኛ ነው» አሉና መሰላሉን ወረዱ። ጨዋታ መሰለኝ። የሚቀጥለውን ቴርሞሜትር አነበብኩ።

እሑድ ጠዋት ስመጣ ደረጃው ላይ ውኃ ነበር። ወጣሁ። ሁለት መስታወቶች ረግፈዋል፤ አንዱ የቧንቧ መጋጠሚያ ተበጥሷል። ውኃው በጣሪያው ስንጥቅ ወርዶ ለመላክ የተዘጋጁ የጨርቅ ጥቅሎችን አርሷል። ፓምፑ ቆሟል። ውኃውን ወደ ሣጥኖቹ የሚያስገባውና የሚመልሰው፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል። የግፊት መተንፈሻው በታንከሩ በኩል ስለነበር፣ ሣጥኖቹ ውስጥ ታፍኖ የፈላው ውኃ መውጫ አጥቶ ነው የፈነዳው።

ማን እንደዘጋቸው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኛ በኢትዮጵያ አይሁዶች ወግ ሰንበት ሳይገባ እሳት ይጠፋል። የሰንበት ምግብ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ያሉት ሰዎች ዓርብ የለኮሱትን እስከ ማግስቱ ሲያቆዩ አባ ተሰማ ዝም ብለው ያያሉ እንጂ አይለምዱትም። ፀሐይን ማጥፋት ስለማይችሉ ውኃውን ከሥራ አሳረፉት።

ወደ ታች ስወርድ ቦይለሩ ፊት አገኘኋቸው። ገና አልሰሙም። «ሰንበት እንዴት አለፈች፣ ልጄ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። አልፌያቸው ወደ ጥገና ክፍሉ ሄድኩ። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው ናቸው። የሽማግሌ ገመና ይሸፈናል፤ ያደግነው በዚህ ነው። ከዚያም በላይ ዳቪድ ያባርራቸዋል፣ ሹላ በሰንበታቸው ትስቃለች ብዬ ፈራሁ። የብልሽት መዝገቡን ከፍቼ «ቫልቮቹ የተዘጉት በእኔ ስህተት ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሰኞ ከሰዓት በፊት ስብሰባው ተጠራ።

«ፀሐይህ ጨርቄን አጠበችልኝ፣ ያዕቆብ» አለ ዳቪድ። «ሁለት ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ማን ይገዛኛል?»

«ፀሐይ ምንም አላጠፋችም። ቫልቮቹ ተዘግተው ነበር።»

«ማን ዘጋቸው?»

«እኔ» አልኩ።

ዳቪድ መዝገቡን አገላብጦ ፊርማዬን አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ወር ሙሉ ቁጥር የጻፈችልን ይህቺው ናት?» አለ። «ክፍቱን ከዝጉ ካልለየች ሠላሳውን ከስልሳ እንደለየች በምን አውቃለሁ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ጥፋቱን ስወስድ የሚጎዳው የእኔ እንጀራ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሹላ አንገቷን ደፋች። ያዕቆብ የእኔን ሠንጠረዥ የያዘውን ማኅደር በቀስታ ዘጋው፤ ወደ እኔም አላየም። የማዙቱ ቦይለር ግዢ በሳምንቱ ውስጥ እንዲፈረም ተወሰነ።

ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳለሁ አባ ተሰማ መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ቫልቩን ዘጋሁ አልሽ አሉ።»

የአውቶቡስ ትኬቴን ከኪሴ አወጣሁ።

«እኔ የዘጋሁትን?»

«አባ፣ ስምዎ እንዳይነሳ ብዬ ነው። ገመናዎን ልሸፍን ብዬ…»

«ገመና!» ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ሰንበት መቼ ነው ገመና የሆነው? እዚያ አገር ጎረቤቱ ሁሉ እሳታችን በመጥፋቱ ሲስቅብን አላፈርንም። ባለፈው ስጠይቅሽ አንቺም ሳቅሽብኝ። ይሁን፣ ልጅ ነሽ። ዛሬ ግን ደበቅሽኝ!»

«ያባርሩዎታል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ቢያባርሩኝ በሠራሁት ይሁን። ለመሆኑ ቧንቧው ለምን ፈነዳ? አንድም ሰው አልነገረኝም። ዕድሜዬን ሁሉ ከእሳት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያጠፋሁትን ካልነገርሽኝ በምን እማራለሁ? እንዲህማ ከሆነ የፊታችንም ዓርብ ወጥቼ እዘጋዋለሁ!»

አውቶቡሱ መጣ። እሳቸው ፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ። በእነዚያ ሁሉ ወራት አንዴ እንኳ ለየብቻ ተቀምጠን አናውቅም ነበር። በመስኮቱ ልብስ የተሰጣባቸውን የብሎኮቹን ሰገነቶች እያየሁ ምን እንዳደረግኩ አንድ በአንድ አሰብኩ። ጥያቄያቸውን በሳቅ አለፍኩት። ስህተቱን ከባለቤቱ ደበቅኩ። ያላየሁትን ጻፍኩ፤ ቴርሞሜትሩ ላይ ሳይሆን ስለ ራሴ ስለሆነ ሐሰት አልመሰለኝም። አንዱ ሐሰት ግን የሦስት ወር እውነት በላ።

የሆነውን ሁሉ እዚህ ልናገር፤ ትዝታ እንጂ ተረት አይደለም። የማዙቱ ቦይለር ተገዛ። ዳቪድ አንዴ የወሰነውን የሚመልስ ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች ተጠግነው ለሠራተኞች መታጠቢያ ውኃ ማሞቂያ ሆኑ፤ ያዕቆብም መተንፈሻውን ወደ ሣጥኖቹ በኩል አዛወረው። አባ ተሰማ አልተባረሩም። ጣሪያ መውጣት ግን ተከለከሉ። ለእኔ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ «የፀሐይ ጸሐፊ» ብለው ግን ጠርተውኝ አያውቁም።

ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሙያ ለሚገቡ የምለው ይህን ብቻ ነው። ማሽኑን በእጁ የሚነካ ሰው ሲጠይቅ በቁም ነገር መልሱለት። ለሰው አዝናችሁም ቢሆን ያላያችሁትን አትጻፉ።

ከዚያ ስብሰባ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያዕቆብ ሳይገባ በፊት ቢሮው በር ላይ ደርሼ ቆምኩ። ከመምጣቴ በፊት በቦይለሩ በኩል አልፌ ለአባ ተሰማ የተዘጋ ውኃ ፀሐይ ላይ ምን እንደሚሆን በወረቀት ስዬ አሳይቻቸዋለሁ፤ አንዴ «እሺ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ያዕቆብ በሩን ሲከፍት መዝገቡን ጠየቅኩት። የእሑዱን መስመር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ ሰረዝ ሰረዝኩት። ከሥሩ ቫልቮቹን ማን እንደዘጋና ለምን እንደዘጋ፣ አባ ተሰማ ቀደም ብለውም ጠይቀውኝ መልስ እንዳልሰጠሁ ጻፍኩ። ሰዓቱን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ጻፍኩትና ፈረምኩ።