ለብዕር ስሜ አባት ስፈልግ

ለራሴ ስም ማውጣቱስ አላቃተኝም። ሚዛን፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ፣ ደስ የሚል የሴት ስም ወዲያው አወጣሁ። እዚህ አልጽፈውም፣ ይቅር። ያቃተኝ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ፌስቡክ ሁለት ስም ካልሰጡት ወይ ፍንክች! እኛ አገር ደግሞ ሁለተኛው ስም ጌጥ አይደለም፣ አባት ነው።

የአባቴን እንዳልጽፍ፣ ስሙ በቤንችኛ የወጣ ነው፤ ከሚዛን እስከ አማን በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው የለም። ቡና ነጋዴ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው። እኔ ልጽፍ ያሰብኩት የፍቅር ልብ ወለድ ነው፣ ያውም ባሏን ጥላ ስለሄደች ሴት። ለአባቴ ልብ ወለድ ማለት በአጭሩ ውሸት ነው። ቢያውቅ ስልኬን ቀምቶ ነገሩን እዚያው እንደሚዘጋው አልተጠራጠርኩም። እኔ ደግሞ ካልጻፍኩ የምፈነዳ ይመስለኝ ነበር።

አባት ስፈልግ ሰነበትኩ። ባጃጅ ላይ ሆኜ የሱቅ ታፔላ አነባለሁ። አንዱን ስም ደስ ብሎኝ ስይዘው የጎረቤታችን ይሆናል፤ ሌላውን ስይዝ የድሮ አስተማሪዬ። ጸሎት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ስም አወጣለሁ፣ እሰርዛለሁ። እናቴ ምን ያቁነጠንጥሻል፣ አርፈሽ ተቀመጪ እያለች ትቆጣኛለች። በመጨረሻ ሰለቸኝና፣ እኛ ሰፈር ማንም የማይጠራበት የሰሜን ሰው ስም ጽፌ ተገላገልኩ።

መገላገል ብሎ ዝም ነው። ታሪኩ ተወደደ፣ ሰው ቀጥይ ቀጥይ ይለኛል፤ እኔ ግን ገጹን በከፈትኩ ቁጥር ያ የማላውቀው ሰውዬ ከስሜ ጎን ተገትሮ ሳየው መልሼ እዘጋዋለሁ። ነገሩም ብዙ አልቆየም። ወንድሜ ገጹ የኔ መሆኑን ደርሶበት ነበር፣ ምስጢር ደግሞ አይበረክትለትም፤ አንድ ምሽት እራት ላይ ገጹን ከፍቶ ስልኩን ለአባቴ አቀበለው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አነበበ። እኔ ስለዚያች ባሏን ስለተወች ሴት የምመልሰውን በሆዴ አዘጋጃለሁ። እሱ ግን ስለሷ አልጠየቀኝም።

«ይሄ አባት ብለሽ የጻፍሽው ሰውዬ ማነው?»

ማንም አይደለም፣ እንዲያው ዝም ብዬ ነው አልኩት። ስልኩን መለሰና እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! በማግስቱ ቁርስ ላይ ሰውየው ደህና አደረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የዚያን ሰውዬ ጤንነት መጠየቅ ልማድ አደረገው። እየሳቀ ነው የሚጠይቀኝ፣ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ቀን የመጣው ይምጣ ብዬ ሰውየውን ሰረዝኩትና የአባቴን ስም ካወጣሁት ስም ጎን ጻፍኩ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ጨነቀኝ።

ቡና በሚገባበት ወቅት፣ ምሳውን ይዤለት ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ከጅማ የመጣ ገዢ አብሮት ቆሟል። ሰውየው የአባቴን ስም ሲሰማ ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ስልኩን አወጣ። ፌስቡክ ላይ ታሪክ የምትጽፍ ሴት አለች፣ ሚስቴ አንብባ አትጠግባትም፣ የአባቷ ስም የእርስዎ ነው፣ ዘመድዎ ትሆን እንዴ አለው። ያወጣሁትንም ስም ጮክ ብሎ አነበበለት። በዚያ ስም የሚጠራ ልጅ የለኝም ቢል እውነቱን ነው። ደግሞም አባቴ የገዛ ቡናውን ገና አልደረቀም ብሎ ገዢ የሚመልስ ሰው ነው።

ስልኩን ተቀብሎ ስሙን ከእነ አባቱ አየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ናት» አለ። «አግብታ ማሻ ከተማ ነው የምትኖረው።»

መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እንደማትመጣም ነገረው። ከዚያ ዞር ብሎ ምሳውን ከእጄ ተቀበለኝና ለሰውየው፣ «ይቺ ደግሞ ታናሿ ናት» አለው።