ሚስ ሩት እጃቸውን ያዩ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ማርች፣ አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ላይ ልቀልድ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የአንዲት አሮጊት ሁለት እጆች ፊቴ ላይ ይደቀናሉ።

ቀልድ የምወድ ሰው ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ በምኖርበት አሌክሳንድሪያ ውስጥ እኔ ያላሾፍኩበት ሐበሻ ካለ ገና ቪዛው ያልደረሰለት መሆን አለበት። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው ሄዶ መርዳት። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት እናት እረዳለሁ። ጠዋት ተላጭቼ ቤልትዌይ የሚሉት የተጨናነቀ አውራ ጎዳና ከገባሁ፣ እሳቸው ጋ ስደርስ ጢሜ አድጎ ነው የምገኘው።

ሚስ ሩት ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል። የመርሳት ሕመም አለባቸው። ልጃቸውን ሊንዳን አንዳንዴ በእህታቸው ስም ይጠሯታል። እኔን ታደሰን “ቴድ” ይሉኛል፤ ይሄኛው እንኳ ከሕመሙ አይደለም፣ ፈረንጅ ሁሉ እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ግን አልረሱም። ዳልሲመር የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ አላቸው። ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱት፣ ረዘም ጠበብ ያለ፣ ሦስት ክር ያለው እንጨት ነው። ሟች ባላቸው በእጃቸው የሠሩላቸው ነው። አውራ ጣታቸው የሚያርፍበት ቦታ ከመነካት ብዛት እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ማታ በባላቸው አሮጌ ሸሚዝ ይጠቀልሉታል። ጠዋት ደግሞ ከእኔ በፊት ሰላም የሚሉት እሱን ነው። ቅር ብሎኝ አያውቅም። እሺ፣ ትንሽ ብሎኛል።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ዜማ ይጫወታሉ፤ ያቺኑ አንዷን። ሊንዳ ራቅ ብላ ጀርመንታውን ስለምትኖር የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቁርጡን ነግራኛለች። እናቷ ዜማዋን እስከተጫወተች ድረስ ከቤቷ አታስወጣትም። እሱንም የረሳች ቀን ግን እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ወደሚጠበቁበት ቦታ ትወስዳታለች።

መሣሪያውን የምቃኘው እኔ ነበርኩ። ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ በቀበሌ ኪነት ክራር ተጫውቻለሁ፤ ጆሮዬ አይታማም። የሚስ ሩት ጣቶች መቃኛውን ማዞር ሲያቅታቸው፣ ለሰው የማያስነኩትን ዕቃ ለእኔ ሰጡኝ።

በኪነቱ ጊዜ የታወቀ ተንኮል ነበረን። ጓደኛህ ክራሩን አስቀምጦ ዞር ሲል ቅኝቱን ታበላሽበታለህ። ተመልሶ ሲመታው ይጮህበታል፣ ቀና ብሎ ይሰድብሃል፣ ትስቃላችሁ፣ መልሶ ይቃኘዋል። አለቀ።

ያን ረቡዕ ሚስ ሩት መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ያ የድሮ ሰይጣን መጣብኝ። ዜማውን ከስር የሚያጅቡትን ሁለት ክሮች ወደ ባቲ ቅኝት ጎተትኳቸው። ሲመቱት ደንግጠው ቀና ይላሉ፣ “አንተ ተንኮለኛ” ይሉኛል፣ ስቄ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው።

መጥተው ተቀመጡና መቱት። ዜማው ሌላ አገር ሄደ። ቆም ብለው እንደገና መቱት። ለሦስተኛ ጊዜም ሞከሩ።

መሣሪያውን አላዩትም። እኔንም አላዩኝም። እጃቸውን አዩ። የሰው ዕቃ ይመስል እያገላበጡ አዩት።

“ይሄም ሄደ” አሉ፣ ቀስ ብለው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ወደ መኝታ ቤታቸው ሲገቡ በችኮላ መልሼ ቃኘሁትና ይዤላቸው ሄድኩ። እስቲ አሁን ይሞክሩት ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሐሙስ አልነኩትም። አርብ ምሳም አልበላ አሉ። ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱ ሰው ይህን ግን አልረሱትም። መሣሪያውን በሸሚዙ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ሺፍቴን ጨርሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሊንዳ መጣች። እናቷ ጋ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ኩሽና ወጣች። እንግዲህ ጊዜው ደርሷል፣ ሰኞ ለዚያ ቦታ ኮል አደርጋለሁ አለችኝ።

“እናትሽ አልረሱም” አልኳት። “ያበላሸሁት እኔ ነኝ።”

ኪነቱን፣ ባቲውን፣ ሦስት ቀን ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

“አስቂኝ መስሎህ ነው?”

“አዎ” አልኩ።

ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ መሣሪያውን አወጣሁ። ከሚስ ሩት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ አጋድሜ ዜማቸውን መጫወት ጀመርኩ። ዓመት ሙሉ ብሰማውም እጄ የለመደው ክራር ነው። እስከ ታኮማ ፓርክ ድረስ ጆሮውን ያልያዘ ሰው አልነበረም። ሚስ ሩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ታገሡ፣ ታገሡ፣ መጨረሻ ላይ አልቻሉም።

“እንደሱ አይደለም” አሉና ተነስተው ከጭኔ ላይ ነጠቁኝ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱት። ሊንዳ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሲጨርሱ እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ግራ ገብቷቸው፣ ለምኑ ነው ይቅርታ የምትለኝ አሉኝ።

ሊንዳ አላባረረችኝም። መሣሪያውን እንዳልነካ ግን ከለከለችኝ። መቃኘት ተምራ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ትቃኘዋለች። አልፈርድባትም።

ሚስ ሩት ያን ረቡዕ ረስተውታል። እጃቸው ግን የረሳ አይመስለኝም። ድሮ ገና እንደተቀመጡ ነበር የሚጀምሩት። አሁን መጀመሪያ እጃቸውን አንድ ጊዜ አገላብጠው ያያሉ። ሐሙስ አርብ ሲሆን ደግሞ አንዱ ክር ረገብ ይላል። እኔ እሰማዋለሁ። እሳቸው እንዳይሰሙት እየጸለይኩ፣ ሁለት እጄን ጭኔ ስር ደብቄ ቅዳሜን እጠብቃለሁ።