ሳይነበብ የተፈረመው ኑዛዜ

አባቴ ኑዛዜውን ሲያጽፈኝ እግሬ አልረጋ ብሎኝ ነበር። እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ የገርጂን ጭቃ አያለሁ። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ያስታመመችው እህቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች እስክትሞት እንድትኖር ፈለገ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ በኛ በኩል ቤት ፈላጊ በዝቶ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜም ለመሸጥ እንዳሰፈሰፈ አባቴ ያውቃል።

ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ አስጠንቅቆኝ ነበር። "አራቱም ምስክሮች አንድ ላይ፣ አባትህ ባሉበት፣ ሲነበብ ይስሙ። ያለዚያ ልፋትህ ከንቱ ነው።"

ይህንኑ ለዕድራችን ሰብሳቢ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ሰው በቁሙ ኑዛዜው ፊቱ ይነበባል እንዴ? ሟርት እኮ ነው! አምጣው፣ ልፈርምልህ።"

ፈረሙ። ሌሎቹም ሦስት ጎረቤቶች እንደሳቸው ሳያነቡ፣ ለአባቴ ምሕረቱን እየተመኙ ፈረሙ። በአንድ ከሰዓት አራት በር አንኳኩቼ ጨረስኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ መለማመጥም መጠበቅም አልወድም። አባቴ "ተነበበ?" ሲለኝ "አልቋል" አልኩት።

በዓመቱ አባቴ ዐረፈ። ወንድሜ ኑዛዜውን ተቃወመ። ፍርድ ቤት ስንቀርብ ዳኛዋ አራቱን ምስክሮች አስምላ "አንድ ላይ ሆናችሁ ሲነበብ ሰምታችኋል?" ብላ ጠየቀች። የዕድሩ ሰብሳቢ አንገታቸውን ደፉ።

"ፊርማው የኔ ነው። ሲነበብ ግን አልሰማሁም።"

ምለው አይዋሹም፤ ልቆጣቸው እንኳ አልቻልኩም። የተቆጣሁት በራሴ ነው። ኑዛዜው ፈረሰ፣ ቤቱም ተሸጠ።

አክስቴን ኮተቤ የተከራየሁላት ክፍል ያስገባኋት ቀን ዕቃ እያገላበጥኩ፣ እየወጣሁ እየገባሁ አስቸገርኳት።

"እስቲ አንዴ ቁጭ በል" አለችኝ። "ወንድሜ ስለኔ ምን ብሎ ነበር? እኔ እኮ ሰምቼው አላውቅም።"

ቅጂውን ከኪሴ አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

"አለቀ?" አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዐይኗ እየወሰደች።

"አለቀ።"

"ታዲያ ይችን ለማንበብ ነው ጊዜ ያጣኸው?"