ሳይመሽ የማይወርድ ቀፎ

ትናንት ቢቸና ላይ ጧፍ ገዝቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው፣ የንጹሕ ሰም ሽታው ሞጣ አጠገብ ወዳለው ወደ ልጅነቴ ጫካ ወሰደኝ።

መምህርት ነኝና በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። በእኛ መንደር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ አይቆረጥም ነበር። ጫካው የጋራ ቢሆንም ዛፉ ቀፎ የሰቀለበት ሰው ንብረት ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ቀበሌው ጫካውን ባሕር ዛፍ ለሚተክል የወጣቶች ማኅበር ሰጠ። አንድ ረፋድ የቀበሌው ሊቀመንበር መጥረቢያ የያዙ ወጣቶች አስከትሎ መጣ። አያቴ ቀፎዎቻቸው ከተሰቀሉበት ዋንዛ ሥር ቆመው ጠበቁት።

«አባባ፣ ይዞታ ላረሰ ነው» አላቸው።

«በሬዎቼማ ከራስህ በላይ ናቸው፤ ቀና በል!»

ወጣቶቹ ሳቁ። አንዱ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ መታ ሲያደርገው ከላይ የነበረው የንቦቹ ዝምዝምታ ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ። ሁላችንም አንገታችንን ቀበርን።

«በሉ ቀፎዎን ያውርዱ።»

«ንቧ ከመስክ ሳትገባ? ልጆችህ ከእርሻ ሳይመለሱ ቤትህ ቢፈርስብህ ትወዳለህ?»

ሊቀመንበሩም የንብ አርቢ ልጅ ነበርና «እስኪመሽ ብቻ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

አያቴ የፈለጉት ጊዜ ነበር። ዛፉ የእሳቸው መሆኑን እንዲመሰክሩ ጎረቤት ሽማግሌዎችን ጥሪ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። እየሮጥሁ ሄድሁ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ልጄ ማኅበሩ ውስጥ አለ፤ በምን አፌ እመሰክራለሁ?» አሉኝ። ሁለተኛው ደጃቸውን አልከፈቱም፤ ሳላቸው ግን ከውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ስመለስ አያቴ ፊቴን አይተው ገመድ ማዘጋጀት ጀመሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ኩበት አጭሰው ዛፉ ላይ ወጡ። የቀፎዎቹን አፍ በሣር ወትፈው በገመድ አወረዷቸው። ተሸክመን ወደ ጓሯችን ስንሄድ መጥረቢያው ከኋላችን ጀመረ። አያቴ አልዞሩም።

ንብ ከመስክ የምትመለሰው ወደለመደችው ቦታ ነው፤ ቀፎዋ በቅርብ ርቀት ቢዛወርም ያንኑ ቦታ ትፈልጋለች። በማግስቱ ጓሯችን ጭር ሲልብን ወደ ጫካው ሄድን። ዋንዛው ወድቋል። ቀፎዎቹ ተሰቅለውበት በነበረው ከፍታ ላይ ንቦቹ ባዶ አየር ይዞራሉ።

አያቴ ቀና ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርገው «የለም እኮ» አሏቸው። «የለም። ኑ፣ ቤት እንሂድ።»