እምቢ ያለው በር

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ጋሽ ገመድ ነው። አንገቱ ላይ የኔትወርክ ገመድ ሳይጠመጥም ያየው ሰው የለም፤ ስብሰባ ሲገባም ያው፣ ለቅሶ ሲሄድም ያው። ዘበኞቹ “ጋሼ፣ እንዳይጠፉ ነው እንዴ ያሰሩዎት?” እያሉ ይተርቡታል። እሱም “እኔ ከጠፋሁማ ይሄ ሆስፒታል አብሮኝ ይጠፋል!” ብሎ ደረቱን ነፍቶ ያልፋል።

ጉራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ሬዲዮ ጥገና ነው፤ ኮምፒውተሩን ግን እየፈታ እየገጠመ፣ እያቃጠለ እያዳነ፣ ራሱን በራሱ አስተማረ። የካርድ ክፍሉም፣ የመድኃኒት ቤቱም፣ የደም ባንኩም መዝገብ በእሱ እጅ ነው የተሠራው። ደም ለጋሾች የሚመዘገቡበትን ሲዘረጋ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ለሙከራ መጀመሪያ የተመዘገበው እሱ ራሱ ነበር። ታዲያ ለሠላሳ ዓመት ብቻውን ሲማር የኖረ ሰው አንድ አመል አያጣም፤ ሰው ሲናገር አይሰማም። ምክር ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ይኼን ከማንም በላይ የምታውቀው አንድያ ልጁ ናት። ሌላ ከተማ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨር ትጠብቃለች። እሁድ ዕለት አባቷ የደም ባንኩን መዝገብ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ሲያዛውር ደውላ ነበር።

“አባዬ፣ አዲሱ ዳታቤዝ ማንን እንደሚሰማ የሚወስነውን የትእዛዝ መስመር አየኸው?”

“አንቺ ልጅ፣ ማውዝ ምን እንደሆነ ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም?”

“ነህ እሺ። ግን መስመሩን እየው።”

“አየዋለሁ” አለ፤ አላየውም። መዝገቡ መግባቱን እዚያው ማሽኑ ላይ አረጋገጠ፣ አሮጌውን ማሽን ለመለዋወጫ ብሎ ብትንትኑን አወጣው፣ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ። የወረቀቱን መዝገብ ደግሞ አትጠይቁኝ። “ወረቀት ያለፈበት ነገር ነው” ብሎ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ የደበደበው እሱ ነው፤ ከተወገደ ዓመት አልፎታል።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ደወለች። ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። “ጋሼ፣ መዝገቡ አይከፈትልንም። ኮኔክሽን ሪፊውዝድ፣ አላገናኝም ይላል” አለችው።

“መጣሁ፣ ለእኔ ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው” አለ።

የሰርቨሩ ክፍል ድሮ የአንሶላ መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ አንድ የሚያንቋርር ማራገቢያ፣ አንድ ወንበር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ የብረት መቀርቀሪያ አለው። መቀርቀሪያውን ያስገጠመው ራሱ ጋሽ ገመድ ነው፤ ሥራ ላይ ሳለ ሰው ሲገባበት ደሙ ይፈላል። ገባ፣ ቆለፈ፣ ላፕቶፑን ከኔትወርኩ ጋር አገናኝቶ አዲሱን ማሽን ጠየቀው። እውነትም እምቢ አለው።

የሙያው ሰዎች እንደሚሉት፣ እምቢ ማለትና ዝም ማለት ለየቅል ናቸው። የሞተ ማሽን ዝም ይላል፤ ስትጠብቀው ትውላለህ፣ መልስ የለም። እምቢ ያለ ማሽን ግን እቤቱ አለ። ጥያቄህ ደርሶታል፣ ግን በዚያ በር ተቀብሎ የሚያስገባህ የለም። ጋሽ ገመድ ራሱ ለሠራተኞቹ ሲያስተምር “ማሽኑ እምቢ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ዝም ካላችሁ ነው መፍራት” ይል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አልደነገጠም።

ማሽኑ ኔትወርኩ ላይ አለ ወይ? አለ። ዳታቤዙ ተነስቷል ወይ? ተነስቷል። አጥፍቶ አስነሳው፤ ያው እምቢ። ፖርት የሚሉትን የበሩን ቁጥር አመሳከረ፤ ልክ ነው። ከለላው ይሆናል ብሎ ፋየርዎሉን ለጊዜው አነሳው፤ ወይ ፍንክች! የአንገቱን ገመድ ፈትቶ በማሽኑ ገመድ ቀየረው፤ እምቢ። ከዚያ ዞሮ የሰርቨሩ የራሱ ኪቦርድ ላይ ተቀመጠና እዚያው ከውስጥ ጠየቀው፤ ማሽኑ ቁልጭ አድርጎ መለሰለት። መዝገቡ ሙሉ ነው፣ አንድ ስም አልጎደለም። ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ፤ እምቢ። ከውስጥ እሺ፣ ከውጭ እምቢ። ይኼን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ናት፤ ፊቷ ልክ አልነበረም።

“ጋሼ፣ ማዋለጃ ክፍል አንዲት እናት አለች። ወልዳለች፣ ልጁ ደህና ነው፣ እሷ ግን ደሟ አልቆም አለ። ኦ ኔጋቲቭ ናት። የነበረን ሁለት ከረጢት ነው፣ ሰጠናት፣ አለቀ። ማዕከላዊው ደም ባንክም ዛሬ የለውም። ከዚህ በፊት ጽንስ ወርዶባት ስለነበር ፖዘቲቭ ደም ቢገባባት ሰውነቷ ይቃወማል። ለጋሾቹን መጥራት አለብን። ስልካቸው ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው።”

ጋሽ ገመድ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከኋላዋ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ባለው አግዳሚ ላይ፣ አንድ ወጣት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ባልየው መሆኑን መጠየቅ አላስፈለገም።

“አሥር ደቂቃ ስጪኝ” አላት፣ በሩንም ቀረቀረው።

አሥሩ ደቂቃ ሃያ ሆነ፣ ሃያው አርባ። ሰውየው ያልነካው ነገር የለም። ፈቃድ የሚሰጠውን ፋይል ከፍቶ ለላቦራቶሪው ኮምፒውተር ፈቀደለት፤ እምቢ። ለሁሉም ፈቀደ፤ እምቢ። ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና ልጫነው አለና መዝገቡ ውሃ ቢበላውስ ብሎ ተወው። ላቡ መነጽሩ ላይ ይንጠባጠባል። “ምን በደልኩህ? አንተ የብረት ልብ! ክፈት ስልህ ክፈት!” እያለ ማሽኑን በቡጢ ሲደልቀው ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ያልታዘዘ ማሽን አልነበረም፤ ዛሬ ታዲያ ምን ነካው?

እዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት፤ ዘጋባት። ደግማ ደወለች፤ ደግሞ ዘጋባት።

በሩም እንደገና ተንኳኳ። “ጋሼ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ—”

“መቼ ይሠራል ልትይኝ ነው? አልሰማም!”

“አይደለም ጋሼ፣ የእርስዎን—”

“ሂጂልኝ አልኩ! ማንም እንዳያንኳኳ! ሰው እየሞተ ጥያቄ!” ብሎ እንደ እብድ ጮኸ። የጫማዋ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ የተሰማው የባልየው ለቅሶ ነው፤ ወንድ ልጅ ለቅሶውን ለመዋጥ ሲታገል የሚያወጣው ዓይነት፣ የተቆራረጠ። ጋሽ ገመድ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። ዕንባው ቢመጣም መጥረጊያ ጊዜ አልነበረውም።

አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ሊዘጋባት ሲል ጣቱ በላብ አዳለጠውና ስልኩ ተነሳ።

“አባዬ! ምነው ትዘጋብኛለህ? ትናንት ሠራ ብለህ ስላልደወልክ ጨንቆኝ ነው።”

“አልሠራም! አልሠራም ልጄ፣ አንዲት ሴት በእኔ ምክንያት እየሞተች ነው!” አለ፣ ድምፁም ተሰበረ። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ሁሉንም ነገራት።

እሷም ጠየቀችው፤ “ከውስጥ ስትጠይቀው ይመልስልሃል?”

“ይመልሳል! ከውጭ ነው እምቢ ያለኝ!”

“ታዲያ የለጋሾቹን ስልክ እዚያው ከውስጥ ጠይቀህ በእጅህ ለምን አትጽፈውም? አባዬ፣ ሴትየዋ ለሰርቨርህ ምን ደንታ አላት? ስልክ ቁጥር ነው የምትፈልገው።”

ክው አለ። አልሰሜን ግባ በለው ማለት ይኼኔ ነው። ስልኮቹን ከተጠየቀ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝርዝሩ ጉልበቱ ሥር ነበር። የማሽኑን እምቢታ ካላሸነፍኩ ብሎ ሙጭጭ ሲል የተጠየቀውን ነገር ረስቶታል። ስልኩን ሳይሰናበታት ዘጋ፣ ኪቦርዱን ሳበ፣ ኦ ኔጋቲቭ የሆኑትን ጠየቀ። በዓይን ጥቅሻ ሰባት መስመር መጣ።

ስም ለማየት እንኳ ትዕግሥት አልነበረውም። የመጀመሪያውን መስመር ስልክ አሃዝ በአሃዝ እየነካ ደወለ። ተይዟል። ደገመው፤ ተይዟል። “በዚህ ጠዋት የምን ወሬ ነው! ዝጋው እንጂ፣ ሰው እየሞተ!” ብሎ ጮኸና ማን እንደሆነ ሊያይ መነጽሩን ጠረገ።

የተጻፈው ደመወዝ ክፍል ብቻ የሚያውቀው ስም ነው።

የገዛ ቁጥሩን ደውሎ የሚያውቅ ማን አለ? ስሙን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበበው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ትዝ አለው፤ ከጠረጴዛ ሥር ተንጋሎ ገመድ ሲያስር፣ ያኔ የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት ኃላፊ ከላይ ሆነው “ደምህ ብርቅ ነው፣ እንዳትጠፋብን” ብለውት ነበር። እሱም ስክሩን በጥርሱ እንደነከሰ “እሺ፣ እሺ” ብሏቸዋል። ሲያሞግሱት ነበር የመሰለው።

መቀርቀሪያውን እንዴት እንደከፈተው አያውቅም። በኮሪደሩ እየሮጠ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ ላቦራቶሪው በር ላይ ደረሰ። “እኔ ነኝ! አንደኛው መስመር እኔ ነኝ! ቅጂኝ፣ ቶሎ ቅጂኝ!” የቀሩትን ስድስት ቁጥሮች የጻፈበትን ወረቀትም እጇ ላይ ጣለው።

ኃላፊዋ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። “ጋሼ… እኔ እኮ መጥቼ ነበር። ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉንም የደም ዓይነታቸውን ስንጠይቅ ነበር። ያልጠየቅነው እርስዎን ብቻ ነው” አለች። እየተናገረችም ክንዱን አስራ መርፌውን አዘጋጀች።

ከስድስቱ ሁለቱ ስልክ አነሱ፣ አንደኛው እየሮጠ መጣ። ደሙ ተመርምሮ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። ሴትየዋ ተረፈች። ግን ሐኪሞቹ ደም እስኪመጣ መጠበቅ አልቻሉም ነበርና፣ ነፍሷን ለማትረፍ ማህፀኗን አውጥተውታል። ሌላ ልጅ አትወልድም። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ይኼን ስትነግረው ጋሽ ገመድ ገና ደም መስጫው አልጋ ላይ ተጋድሞ ጥጡን ክንዱ ላይ እንደያዘ ነው። “ደሙ ቀደም ብሎ ቢደርስስ ኖሮ?” አላት። ጎንበስ ብላ የክንዱን ጥጥ አስተካከለችለት።

እንዲያርፍ ቢነግሩትም ተነስቶ ሄደ። ልጁ እሁድ ዕለት ያለችውን መስመር ከፈተው። አዲሱ ዳታቤዝ ከመጀመሪያውም ራሱን ብቻ እንዲሰማ የታዘዘ ነው፤ ከዚያው ማሽን ውጭ ማን ቢጠራው አይሰማም። ጋሽ ገመድ አንዲት ቃል ቀየረ፣ አስነሳው፣ የላቦራቶሪው መዝገብ ተከፈተ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ መፍቻ አነሳና የበሩን መቀርቀሪያ መፍታት ጀመረ።

ሁለተኛው ብሎን ላይ ሳለ ባልየው መጥቶ ትከሻውን ሳመው። ዓይኑ አብጧል፤ ፊቱ ግን ይስቃል። “ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት አሉኝ። የልጄን እናት መለሱልኝ! እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት። ከሩቅ ነው የመጡት?”

ጋሽ ገመድ መፍቻውን ከብሎኑ ላይ አነሳ።

“ሰው ማለት እንደ እርስዎ ነው” አለ ወጣቱ። “ጠዋት እዚህ ክፍል ውስጥ አንዱ ተቆልፎ ሲሳደብ ነበር። ያቺ ነርስ ስታንኳኳ እንዴት እንደጮኸባት ቢሰሙ! እንዲያ ያለም አለ፣ እንደ እርስዎ ያለም አለ።”

ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አይነግርበትም።

“እሱም እኔ ነኝ” አለ። “ልትጠይቀኝ የመጣችው የደሜን ዓይነት ነበር። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ።”

ወጣቱ በሩን አየ፣ የተፈታውን መቀርቀሪያ አየ፣ ጋሽ ገመድ ክንድ ላይ ያለውን ጥጥ አየ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ሄዶ ጠዋት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ገመድ መፍቻውን እንደያዘ ፊቱ ቆመ፤ ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፣ ይመታኛል ብሎ ጠበቀ፣ ከዓይኔ ጥፋ ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ወጣቱ ወለሉን እያየ ዝም አለ።

ምነው እምቢ ባለኝ፣ አለ ጋሽ ገመድ በልቡ።