የመብረቅ ትከሻ

ልብስ ሰፊው በዕድሜው ራኬት ጨብጦ አያውቅም። ልጁ ሜዳ ቴኒስ ከጀመረች ወዲህ ግን ሱቁ የገባ ደንበኛ ሁሉ ስለ እሷ ሰርቭ፣ ስለ መክፈቻ ምቷ፣ ሳይሰማ አይወጣም። "መብረቅ" የሚል ቅጽል ስም ያወጣላትም እሱ ነው። የሰው ወገብ እየለካ፣ "ኳሷን ስትለቃት እኮ አትታይም!" ብሎ እጁን ወደ ላይ ሲያወናጭፍ ደንበኛው ጎንበስ ይላል።

ኩራቱ ግን ልክ አጣ። መብረቅ ከትምህርት ቤት በኋላ ክለቡ ውስጥ ከአሰልጣኟ ጋር ስትለማመድ ቆይታ ቤት ስትደርስ፣ አባቷ የሱቁ ጀርባ ግድግዳ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሮ ይጠብቃታል።

"በይ የኔ መብረቅ፣ ትንሽ ብቻ!"

ያቺ ትንሽ ማለቂያ የላትም። አሰልጣኟ ደግሞ ይህን አያውቅም። ራኬቱንም አባትየው "ታድግበታለች" ብሎ የአዋቂ ነበር የገዛላት።

አንድ ጠዋት እናቷ ፀጉሯን በግራ እጇ ስታበጥር አየቻት።

"ቀኝሽ ምን ሆነ?"

"ኧረ ምንም፣ ዝም ብዬ ነው እማዬ።"

በዚያው ሳምንት ውድድር ላይ ሰርቭ ልትመታ እጇን ስታነሳ ራኬቱ አምልጧት ወደቀ፤ ትከሻዋን ይዛ ቁጭ አለች። አባትየው አጥሩን ዘሎ ገባ።

የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳት ወደምታክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሰዳት። ባለሙያዋ ትከሻዋን ካየች በኋላ ወደ እሱ ዞረች።

"ዘንድሮ ሱሪዋ አጥሯታል?"

"ተይኝ እስቲ! ጫፉን እየፈታሁ እየሰፋሁ ሰለቸኝ።"

"አዩ፣ አጥንቷ እየሮጠ ነው፤ ጡንቻና ጅማቷ ገና አልደረሱበትም። በዚህ ላይ ያለ ዕረፍት አንድ ዓይነት ምት ሲደጋገም፣ ራኬቱም ሲከብድ፣ ትከሻ ይጎዳል። ሕመሙን መደበቋ ደግሞ አባሰው።"

መብረቅ አንገቷን ደፋች። "አባዬ እንዳይከፋው ብዬ ነው።"

ልብስ ሰፊው የልጁን ራስ ዳበሰ። "እኔማ ምቱ ቀላል መስሎኝ!"

"እስቲ ይሞክሩት" አለች ባለሙያዋ እየሳቀች።

ሞከረው። በማግስቱ መቀስ ማንሳት አቃተው። ደንበኛው "ምን ሆነህ ነው?" ቢለው፣ "መብረቅ መታኝ" አለ።

መብረቅ ከቴኒስ አረፈች፤ ሕመሙ ሲተዋት ዋና ጀመረች፤ ትከሻዋን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠራች። አባትና አሰልጣኝም ተነጋግረው የግድግዳው ልምምድ ቀረ፤ ቀለል ያለ ራኬትም ተገዛላት። ስትመለስ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ተሸነፈች፤ ግን ከሜዳ የወጣችው እየሳቀች ነው። አባቷ ገና ሰውነቷን ስታሟሙቅ ጀምሮ ከመቀመጫው ተነስቶ፣

"በቃሽ ልጄ፣ እረፊ!" እያለ ሲጮህ አሰልጣኟ፣

"ኧረ ጋሼ፣ ገና አልጀመረችም!" ብሎት ነበር።